አሥራ ሁለት ከብት ያለው ሰው

«አርብቶ አደሩ ከብቱን መሸጥ አይወድም፤ ባህሉ ነው።» ይህን ነገር ነገሌ ቦረና ውስጥ፣ የሆቴል አዳራሽ ተቀምጠን፣ የታሸገ ውሃ ተደርድሮልን ስንቴ ሰማሁት! ባለፈው አላስችል አለኝና መድረክ ላይ የነበሩትን ባለሙያ «ስንት ከብት ላለው ሰው ነው ሽጥ የሚሉት?» አልኳቸው። «ለሁሉም ነዋ» አሉኝ።

እኔ ስልኬ ላይ ፖከር እጫወታለሁ (በውሸት ብር ነው፣ እናቴ እንዳትሰማ)። እዚያ እንኳን «ለሁሉም» የሚባል ምክር የለም። ውድድሩ ላይ ሦስት ሰው ቀረን እንበል። ሽልማቱ ለአንደኛ 50,000፣ ለሁለተኛ 30,000፣ ለሦስተኛ 20,000 ብር ነው። ቺፓችን እኩል ስለሆነ የእያንዳንዳችን ድርሻ ሲሰላ 33,333 ገደማ ይመጣል። አንዱ ያለውን በሙሉ አስያዘብኝ። ገብቼ ባሸንፍ ቺፔ እጥፍ ይሆናል፣ ድርሻዬ ግን 43,333 ላይ ይቆማል። ብሸነፍ 20,000 ይዤ እወጣለሁ። 10,000 ለማግኘት 13,333 አስይዤ ማለት ነው! ስለዚህ የማሸነፍ ዕድሌ ከመቶ 57 ካላለፈ ካርታዬን እጥላለሁ። ይሄ ፍርሃት አይደለም፣ የሽልማቱ አከፋፈል ነው።

አሁን ወደ ከብቱ። ቦረና ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ከ10 እስከ 15 ከብት አካባቢ አንድ መስመር አለ ይላል። ከዚያ በላይ ያለው ቤተሰብ መንጋው ያገግማል፤ ከዚያ በታች የወረደው ግን ሣር ፍለጋ ርቆ መሄድ ያቅተዋል፣ ከተማ ዳር ይቀራል። እንግዲህ 50 ያለው ሰው ሦስት ቢሸጥ ሦስት ከብት ጎደለው። 12 ያለው ሦስት ቢሸጥ አርብቶ አደርነቱን ሊሸጥ ይችላል። በድርቅ በርካሽ የሸጣትን ላም ዝናብ ሲመጣ በዚያ ዋጋ አይገዛትም። አልሸጥም ሲል «አልገባውም» ትላላችሁ። ሒሳቡ ያልገባው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2012 ቦረና ላይ የተጀመረው የከብት መድን ቢያንስ አከፋፈሉን ለመቀየር ሞክሯል፤ የግጦሹን ሁኔታ በሳተላይት ለክቶ ነው የሚከፍለው። ግን ብሩ ላሟ ቆማ ሳለች ከደረሰ መኖ ይገዛል፣ ከሞተች በኋላ ከደረሰ የለቅሶ ቤት መዋጮ ነው።

ከብቱ ላለቀበት ጎሣው አዋጥቶ የሚሰጥበት ቡሳ ጎኖፋ አለን። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ ግን ሰጪውም ተቀባይ ሆነ። ያኔ አዳራሽ ጠርታችሁ አትምከሩን። ብሩን ቀድማችሁ ላኩ።