ለደሴዋ ባለውለታዬ

ይድረስ ለከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፤

ይህ ደብዳቤ ዓመታት ዘግይቶ የሚደርስሽ ነው። ገንዘብ ያበደረኝን ሰው ስሙን ደብተር ላይ ጽፌ እከፍለዋለሁ፤ ገንዘቤ ከኪሴ እንዳይወጣ ያደረግሽውን አንቺን ግን አንድ ቀን እንኳ ቆሜ እግዜር ይስጥልኝ አላልኩሽም።

ከብሩ ልጀምር፤ ቅር አይበልሽ። ፒያሳ ላይ አዟሪው መጻሕፍቱን ከክንዱ እስከ አገጩ ቆልሎ ሲመጣ ርዕሶቹን አነባለሁ፣ ዋጋ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ሰላም ዋል ብዬ ወደ አንቺ እመጣለሁ። አንዱን ልብ ወለድ በ400 ብር እናስበው። በወር ሁለት የሚያነብ ሰው በዓመት 9,600 ብር ያወጣል ማለት ነው። በእኔ ቤት ይህ የጤፍ ገንዘብ ነው፤ የልጅ ዩኒፎርም ነው፤ ኮምቦልቻ ያለችውን እህቴን የምጠይቅበት የሚኒባስ ሒሳብ ነው። ባለቤቴ ደመወዜ የት እንደሚገባ አብጠርጥራ ታውቃለች፤ አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ከእሷና ከመጽሐፍ አንዱን መምረጥ ሊኖርብኝ ነበር።

ከብሩ የሚበልጠው ውለታሽ ግን ሌላ ነው። 400 ብር ከፍሎ መጽሐፍ የሚገዛ ድሃ መድፈር አይችልም። ስሙ የታወቀውን ደራሲ፣ ወዳጅ የመሰከረለትን መጽሐፍ፣ የማያሳፍረውን ብቻ ይገዛል። ከገዛውም በኋላ ባይጥመው እንኳ ብሩ ስለሚቆጨው እስከ መጨረሻው ይታገለዋል። እኔ አንቺ ዘንድ ሃያ ገጽ አንብቤ ያልጣመኝን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ተነሥቻለሁ፤ ማንም አልተቆጣኝም። ስለ ንብ እርባታ የጻፈ ሰው አንብቤያለሁ፣ ቀፎ ግን የለኝም። የሕግ መጽሐፍ ገልጬ ስለ ውርስ የሚለውን ክፍል አንብቤያለሁ፣ የምወርሰው ግን የለኝም። ከመደርደሪያሽ ጥግ አቧራ የለበሰ የግጥም መድበል አንሥቼ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን ገጣሚ ወድጄዋለሁ። ሀብታም ሰው መጽሐፍ መደብር ገብቶ እንደ ልቡ ሲያማርጥ የሚሰማው ነገር ይህ ከሆነ፣ እኔም ቀምሼዋለሁ።

አባቴ ይህን ዕድል አላገኘም። እሱ መጽሐፍ የሚያነበው ወይ በትውስት ወይ በኪራይ ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ በየቤቱ የተደበቀው ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። አባቴ ደርሶት ያነበበው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው፤ ለአንድ ሌሊት፣ ንጋት ላይ ሊመልስ። ያችን ሌሊት እስኪሞት አውርቷታል። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ እኔ ግን በቀን ብርሃን፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ቀስ ብዬ ማንበብን እመርጣለሁ።

ወንበር ካልኩ አይቀር፣ የወንበሩም ዕዳ አለብኝ። ፒያሳ ካፌ ገብቶ አንድ ሰዓት ለመቀመጥ ቢያንስ አንድ ማኪያቶ ያስፈልጋል፤ ማኪያቶው ሲያልቅ ደግሞ አስተናጋጁ ጠረጴዛውን መወልወል ይጀምራል። አንቺ ዘንድ ማንም አይወለውልብኝም። በዚያ ላይ የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ፤ ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ ሲውል የኪራይ ቤት ወለል ላይ ማንበብ ጣትን ያደርቃል። አከራዬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መብራት የሚበራበትን ክፍል እየዞሩ ያንኳኩ በነበረ ጊዜ፣ ቆጣሪው በእኔ ስም የማይቆጥርበት መብራት የነበረኝ አንቺ ዘንድ ብቻ ነበር።

ከእኔ ይልቅ ግን የማትሪክ ልጆቹ ቢያመሰግኑሽ ይገባ ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ከተማው ሁሉ ደንግጦ ነበር። አንቺ ዘንድ አንዳንዶቹ ልጆች አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ለሦስት ከፍተው፣ አንዱ እያነበበ ሁለቱ እየጻፉ ሲቸክሉ አያለሁ። ያ መጽሐፍ በየቤታቸው ይገዛ ቢባል አንዳቸውም አይገዙትም።

ደግሞ አንቺ ዘንድ ጽሑፋቸውን ያነበብኩላቸውን ሰዎች ላመስግን። የታሪክ መጻሕፍትሽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ የሚጨቃጨቁትን ማለቴ ነው። አንዱ «ውሸት!» ብሎ ጽፏል፤ ሌላው ከሥሩ «ማስረጃህን አምጣ» ብሎታል፤ ሦስተኛው ደግሞ በጣም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «መጽሐፉ የሕዝብ ነው፣ አትጻፉበት» ብሎ እሱም ጽፏል። አንድ ጊዜ የአንድ ልብ ወለድ የመጨረሻ ገጾች ተገንጥለው ጠፍተው አገኘሁና አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ። ጋዜጣ የሚያነቡት አዛውንት አይተውኝ «አብሽር ልጄ፣ እኔ አንብቤዋለሁ» አሉና መጨረሻውን በሹክሹክታ ተረኩልኝ። በኋላ ሙሉውን ቅጂ ሌላ ቦታ አግኝቼ ሳነበው የአዛውንቱ አጨራረስ ይሻል ነበር።

አንቺን ስመለከት ዘመዶችሽም ይታወሱኛል። ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብንሄድ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያ ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል፤ ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌልም እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዳናና በጀማ ንጉሥ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ደግሞ ደረሳው ከሩቅ አገር እየመጣ ሸኾቹ ዘንድ ኪታብ ሲቀራ ኖሯል። የቆሎ ተማሪውም ደረሳውም እንጀራውን ከመንደሩ ያገኝ ነበር፤ ወሎ ዕውቀት ፈልጎ የመጣን ሰው መጀመሪያ ኪሱን አልጠየቀውም። መግቢያ ሳትጠይቂኝ ባስገባሽኝ ቁጥር ያ ወግ አልጠፋም እላለሁ።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሙዚየም ተዘርፈዋል። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ በቦታው ቆሞ ማየት ለእኔ ተራ ነገር መሆኑ ቀርቷል።

በደረቁ እንዳላመሰግንሽ አልጋ ሥር ካለው ካርቶን የተወሰኑ መጻሕፍት ለይቻለሁ። አንድ መዝገበ ቃላት አለ፣ ጀርባው በፕላስተር ተይዟል። የልጄ የ8ኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ አሉ። ሁለት ልብ ወለዶችም አሉ፤ በእርሳስ የጻፍኩባቸውን አጥፍቻለሁ፣ ከአንዱ በቀር፤ እሱን ስታገኚው ትስቂበታለሽ። ቅዳሜ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ። ካንቺ ዘንድ ያለ ከሆነ ትርፉን ለኮምቦልቻ ልጆች ላኪው፤ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድበትን ሒሳብ እኔ እችላለሁ።

አክባሪሽ፣
የሆጤው አንባቢሽ