መነጽሩ ይለካ፣ ሐኪሙ ይፍረድ

ስለ ዓይን ሕክምና ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ ማየት ነው፤ ስለ ሞራ ግርዶሽ፣ ስለ ትራኮማ፣ ስለ መነጽር ቁጥር። ዓይን ግን አጥርቶ ለማየት በትክክል መንቀሳቀስም አለበት። እያንዳንዱን ዓይን ስድስት ጡንቻዎች ያንቀሳቅሱታል። ጡንቻዎቹን ሦስት ነርቮች ያዟቸዋል፤ ነርቮቹ የሚነሡት ከአንጎል ግንድ ሲሆን ትንሹ አንጎልና ውስጠኛው ጆሮም በሥራው ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ዓይን ሲንሸዋረር፣ ሲርገበገብ ወይም ወደ ታሰበው አቅጣጫ ሲዘገይ ጥፋቱ የዓይኑ ላይሆን ይችላል፤ ስትሮክ፣ የጭንቅላት ጉዳት ወይም የነርቭ በሽታ ራሱን የሚገልጥበት መንገድ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመመርመር ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ጣታቸውን፣ የእጅ ባትሪንና ፕሪዝምን ሲጠቀሙ ኖረዋል። አሁን የዓይንን እንቅስቃሴ የሚከታተሉ ካሜራዎች የተገጠሙላቸው የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽሮች ወደ ምርመራው ክፍል እየገቡ ነው። እነዚህን መነጽሮች በመለኪያነታቸው ልንቀበላቸው ይገባል፤ የፈራጅነቱን ወንበር ግን ልንሰጣቸው አይገባም።

መለኪያ የሚያስፈልገው የሐኪም ዓይንም ገደብ ስላለው ነው። ዓይናችንን ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ስንወረውር ፍጥነቱ በሰከንድ 500 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 «ኒውሮሎጂ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ጥናቱ የተመለከተው መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚታይን፣ ወደ አፍንጫ የሚዞረው ዓይን የሚዘገይበትን ችግር ነበር። ችግሩ ቀላል በሆነበት ሕመምተኛ ላይ ከሐኪሞቹ ሁለት ሦስተኛ የሚበልጡት ሳያዩት አልፈዋል፤ የኢንፍራሬድ መለኪያው ግን መዝግቦታል። ሸውራራነትን በፕሪዝም ሲለኩም ልምድ ያላቸው ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ሕፃን ላይ የተለያየ ቁጥር ሊያገኙ ይችላሉ። ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ጡንቻው ምን ያህል እንደሚስተካከል የሚወሰነው ደግሞ በዚያው ቁጥር ነው።

መነጽሩ ካሜራ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲስ ነገር አይባልም ነበር፤ የዓይንን እንቅስቃሴ መቅረጽ ከተጀመረ ሰንብቷል። ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚጨምረው ታማሚው የሚያየውን ነገር በሙሉ መቆጣጠርን ነው። ከውስጠኛው ጆሮ የሚመጣ የዓይን መርገብገብ ታማሚው አንድ ነገር ላይ ሲያተኩር ይቀንሳል ወይም ይጠፋል፤ መነሻው አንጎል ሲሆን ግን ማተኮሩ ያን ያህል ለውጥ ላያመጣ ይችላል። በመነጽሩ ውስጥ ፍጹም ጨለማ መፍጠር፣ ከዚያ አንዲት ነጥብ ማብራት፣ መልሶ ማጥፋት ይቻላል፤ የኢንፍራሬድ ካሜራው በጨለማውም ያያል። ነጥቧም ለሁሉም ታማሚ በእኩል ፍጥነትና ርቀት ትንቀሳቀሳለች። የሐኪም ጣት ግን ዛሬና ነገ፣ እዚህ ሆስፒታልና እዚያ ሆስፒታል አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም።

ይህ ልዩነት ሕይወት ሊያድን የሚችልበትን ቦታ ለማየት በድንገት ራሱን አዙሮት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚገባውን ሰው እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሆርሄ ካታህ፣ ዴቪድ ኒውማን-ቶከርና ባልደረቦቻቸው 101 እንዲህ ያሉ ሕሙማንን አጥንተው ነበር። የዓይንን እንቅስቃሴ በሦስት መንገድ የሚፈትን የአልጋ ዳር ምርመራ ማዞሩ ከስትሮክ የመጣባቸውን ሁሉ ለይቷል። በአንጻሩ የስትሮክ ሕሙማኑ የመጀመሪያ ኤምአርአይ 12 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ምንም አላሳየም ነበር። ነገር ግን ምርመራውን ያካሄደው በዘርፉ የጠለቀ ባለሙያ እንጂ የሌሊት ተረኛ ጠቅላላ ሐኪም አልነበረም። ተመራማሪዎቹ በኋላ የቪዲዮ መነጽርን የዓይን ኢሲጂ ብለው ያሰቡት ለዚህ ነው። የልብ ኢሲጂ የልብ ሐኪም በሌለበት ሊነሣና ወረቀቱ ሊያነበው ለሚችል ሰው ሊላክ እንደሚችል ሁሉ፣ የዓይን እንቅስቃሴም ተመዝግቦ ሊላክ ይችላል።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ የትክክለኛነት ነው፤ ተገቢም ነው። ለጨዋታ ከተሠሩት መነጽሮች አንዳንዶቹ የዓይንን ቦታ በሰከንድ 120 ጊዜ ያህል ይመዘግባሉ፤ ለፈጣን እንቅስቃሴ ጥራት ያለው መለኪያ ግን ከዚህ እጥፍና በላይ ይፈልጋል። መነጽሩ በራስ ላይ ትንሽ ከተንሸራተተም ልኬቱ ይዛባል። ሌላም ችግር አለ፤ በመነጽሩ ውስጥ ነገሮች የቀረቡ ወይም የራቁ ቢመስሉም የስክሪኑ የትኩረት ርቀት አንድ ነው። ዓይኖች ወደ ውስጥ ሲዞሩ ትኩረታቸውን አብረው ስለማይቀይሩ፣ ከትኩረት ጋር የተያያዘ የሕፃናት ሸውራራነት በመነጽሩ ውስጥ ትክክለኛ መልኩን ላያሳይ ይችላል። ይህ ሁሉ መሣሪያውን የሚያስጥል ሳይሆን ወሰኑን የሚያሰምር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ «አይቦክስ» ለተባለው፣ የዓይንን እንቅስቃሴ ለሚከታተል መሣሪያ ፈቃድ ሲሰጥ ይህንኑ አድርጓል። ፈቃዱ ከ5 እስከ 67 ዓመት ለሆኑ፣ ጭንቅላታቸው ከተመታ አንድ ሳምንት ላልሞላቸው ሰዎች፣ ለሐኪሙ ምርመራ አጋዥ እንዲሆን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቅደም ተከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 ከመቶው ዓይነ ስውር ነበር፤ ከመንሥኤዎቹ ዋነኞቹም የሞራ ግርዶሽና ትራኮማ ነበሩ። ለእነዚህ የሚሆን ቀዶ ሕክምና ሳይዳረስ ስለ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቁም ነገር ተናግሯል። ከሞራ ግርዶሽ በጀት ተቀንሶ መነጽር ይገዛ ከተባለ እኔም እቃወማለሁ። ሆኖም መሣሪያው የሚያገለግለው ሌላ ሕመምተኛን ነው፤ ማዞር ይዞት ድንገተኛ ክፍል የገባውን፣ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ የተጎዳውን፣ ጄንታማይሲን የተባለውን መድኃኒት ተወግቶ የውስጠኛው ጆሮ ሚዛኑ የተናጋበትን። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ባለሙያ በአገራችን ጥቂት ነው፤ ያለውም በብዛት አዲስ አበባና ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው። ባለሙያውን በየዞኑ ማድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ የተቀረጸ እንቅስቃሴን ወደ ባለሙያው መላክ ግን ኢንተርኔት ባለበት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ቢገዛ ጥቅሙ የሚጎላው ነርቭ ሐኪም ባላቸው ሆስፒታሎች ሳይሆን በሌላቸው ነው።

ሦስተኛው ስጋት ሐኪሞች በማሽኑ ተማምነው የመመርመር ችሎታቸውን ያጣሉ የሚለው ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የአልጋ ዳር ምርመራ የሚሠራው ማዞሩ ሳያቋርጥ በቀጠለበትና ዓይኑ በሚርገበገብ ሕመምተኛ ላይ ነው። ማዞሩ መጥቶ የሄደለት ሰው ላይ ከተደረገ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል፤ ማንን መመርመር እንደሚገባ የሚወስነው ደግሞ ታሪኩን ጠይቆ የሰማ ሐኪም ነው። መነጽሩ ጥያቄ አይጠይቅም። በመሆኑም ሥልጠናው ስለ ቁልፎቹ አጠቃቀም ብቻ ሳይሆን መነጽሩ መቼ መደረግ እንደሌለበትም መሆን አለበት። የአንድ ሰው የዓይን እንቅስቃሴ ስለ ጤናው ብዙ የሚናገር መረጃ ስለሆነም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ሊጠበቅ ይገባል።

ጤና ሚኒስቴርና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መሣሪያዎቹ በእርዳታም ሆነ በግዥ በብዛት ከመግባታቸው በፊት ሦስት ቅድመ ሁኔታ ቢያስቀምጡ መልካም ነው። መሣሪያው ለየትኛው ሕመምና ለየትኛው ዕድሜ እንደተፈቀደ በግልጽ ይጻፍ፤ በእኛው ሕሙማን ላይ ከባለሙያ ምርመራ ጋር ጎን ለጎን ይፈተን፤ ልኬቱን አንብቦ ምላሽ የሚሰጥ ባለሙያ አስቀድሞ ይመደብ። አንባቢ ግን ይህ ሁሉ እስኪሆን መጠበቅ የለበትም። ዓይኑ የሚንሸዋረር ሕፃን ያለው ወላጅ «ሲያድግ ይተወዋል» ሳይል ዛሬውኑ ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰደው፤ ከመንሸዋረር የሚመጣ ሰነፍ ዓይን በልጅነት ካልታከመ በኋላ ማዳኑ ይከብዳል፤ ለመጀመሪያው ምርመራም የእጅ ባትሪና የሠለጠነ ሰው ይበቃሉ።