አምስት ትምህርት በአራት ዓመት

በብዙው የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ አንድ ትምህርት አይደለም። ተማሪው አንዱን ዓመት አልጀብራ፣ ቀጥሎ ጂኦሜትሪ፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን አልጀብራ ይማራል፤ ከዚያ የካልኩለስ መሰናዶ፣ በመጨረሻም ካልኩለስ ይመጣል። ብንቆጥረው ትምህርቱ አምስት ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ዘመን ግን አራት ዓመት ብቻ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በአገራችን መማሪያ መጻሕፍት አልጀብራውም ጂኦሜትሪውም በየዓመቱ ተደባልቆ ስለሚሰጥ፣ ይህ ምርጫ ለተማሪው አይቀርብለትም። ነገር ግን 9ኛ ክፍልን እዚህ ፈጽሞ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ዋሽንግተን አካባቢ የሚሻገር ልጅ፣ በወረቀቱ ላይ «ሂሳብ» የሚል አንድ መስመር ይዞ ይደርሳል። የሁለቱንም ከፊል ከፊሉን ስለተማረ፣ «የትኛውን ጨርሰሃል?» ሲባል መልሱ ይቸግረዋል። በ10ኛ ክፍል ከመጀመሪያው አልጀብራ ላይ ቢያስቀምጡት፣ አንድ በአንድ እየሄደ 12ኛን ሲፈጽም የሚደርሰው ከሁለተኛው አልጀብራ ነው፤ ካልኩለሱ ቀርቶ መሰናዶውንም አያይም። መሐንዲስ ለመሆን ላሰበ ልጅ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ስለዚህ የመጽሐፉን ማውጫ ገልብጦ መያዝና የምደባ ፈተና እንዲሰጠው መጠየቅ ይገባዋል እንላለን።

ጂኦሜትሪ በሁለቱ አልጀብራዎች መካከል መግባቱን የሚነቅፉ ብዙዎች ናቸው፤ ነቀፌታቸውም ከንቱ አይደለም። አልጀብራ እንደ ማጭድ ነው፤ ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ ከቆየ ይዝጋል። ታዲያ ጂኦሜትሪው ከሁለቱም አልጀብራ በኋላ ይሁን? በዚህ አንስማማም። የአንድ ማዕዘን ሳይን በትንሹም በትልቁም ባለ ቀጥታ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ውስጥ አንድ የሚሆነው፣ ቅርጾቹ ተመሳሳዮች ስለሆኑ ነው። ይህን በጂኦሜትሪ ያልተረዳ ተማሪ በሁለተኛው አልጀብራ ውስጥ ትሪጎኖሜትሪ ሲመጣበት፣ ትርጉሙን ሳያውቅ ዳዊት እንደሚደግም ልጅ ይሆናል። ደግሞም ኤውክሊድ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት በእስክንድርያ ያስተማረው ይህ ጥበብ፣ የተሰጠውን ከሚረጋገጠው ለይቶ ማየትን ያስለምዳል። (ማመልከቻ ለሚመረምር ወጣት ሹምም ቢሆን ይህ ልማድ የሚጠላ አይደለም።)

የሚሻለው መንገድ ጂኦሜትሪንና ሁለተኛውን አልጀብራ በአንድ ዓመት ጎን ለጎን መማር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1892 የተቋቋመውና የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤሊየት የመሩት የአስሩ ኮሚቴ፣ ተማሪው በ14 ዓመቱ አልጀብራን እንዲጀምር፣ ከአንድ ዓመት በኋላም ጂኦሜትሪ ከአልጀብራው ጋር ጎን ለጎን ለሁለት ዓመት እንዲሰጥ የሚመክር ሐሳብ ቀርቦለት ነበር። ሆኖም የተለመደው አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ነው። እርግጥ፣ ሁለቱን በአንድ ዓመት መያዝ የቤት ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል፤ በመጀመሪያው አልጀብራ ለደከመ ልጅ አንመክረውም።

ሌላው መንገድ አልጀብራን ከ8ኛ ክፍል መጀመር ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2014 ለእኩልነት ሲሉ ይህን አስቀርተው፣ ሁሉም በ9ኛ ክፍል እንዲጀምር አደረጉ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ዳሩ ግን ገንዘብ ያለው ወላጅ ትምህርቱን ከውጭ እየገዛ ለልጁ አስገኘ፣ የሌለው ልጅ ቀረ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ከመቶ ከ80 የሚበልጡት መራጮች ወደ 8ኛ ክፍል ይመለስ ሲሉ ድምፅ ሰጡ።

በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ምርጫ በብዙ ቦታ የሚከናወነው ትምህርት ቤት ሲከፈት ሳይሆን በእነርሱ ክረምት፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። በመስከረም የሚጠይቅ ወላጅ ክፍሉ ሞልቶ ሊጠብቀው ይችላል።