የነገው ዓለም በማን ፊደል ይጻፋል?

ሰው ንብረቱን በምልክት መለየት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከብት አርቢው በበሬው ጭን ላይ በጋለ ብረት ምልክቱን ያትማል፤ ነጋዴው በጆንያው ላይ በቀለም ይጽፋል፤ መንግሥትም በማኅተሙ ይታወቃል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ምልክቱን አይቶ «ይህ የእገሌ ነው» ይላል። ምልክት ያለ አንደበት የሚናገር የባለቤትነት ቃል ነውና።

ይሁን እንጂ አንዳንድ ሰዎች፣ ያውም የተማሩት፣ ስለ ሳይንስ ልብ ወለድ በተነሣ ቁጥር «በሌለ ዓለም ስለሚገኝ፣ ስለሌለ ኩባንያ አርማ መነጋገር የልጆች ጨዋታ ነው» ሲሉ እንሰማለን። እኛ ይህን አሳብ አጥብቀን እንቃወማለን። ምክንያታችንንም እንዘረዝራለን።

እ.ኤ.አ. በ1979 «ኤሊየን» የተባለው ፊልም ሲሠራ ሮን ኮብ የተባለው ሠዓሊ ለጠፈር መርከቢቱ ልዩ ልዩ ምልክቶችን ነድፏል። አየር ያለበትን ክፍል ከሌለበት፣ የስበት ኃይል ያለበትንም ሥፍራ ከሌለበት የሚለዩ ናቸው። የመርከቢቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ስምም የእንግሊዝና የጃፓን ስም በአንድነት የተጣመረበት ነው። በዚህ አንድ ስም ብቻ ተመልካቹ መጪውን ዘመን የሚገዛው የማን ገንዘብ እንደ ሆነ ያለ ረጅም ንግግር ይረዳል። እንዲሁም ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው «2001» በተባለው ፊልም፣ በጠፈር መንኰራኵሩ ላይ የፓን አሜሪካን አየር መንገድ አርማ ይታያል። ኩባንያው ግን እ.ኤ.አ. በ1991፣ ማለት ፊልሙ ከጠቀሰው ዘመን አሥር ዓመት ቀድሞ፣ ፈረሰ። እንግዲህ ኩባንያው ሲሞት በሥዕል የታተመው አርማ ቀረ። ይህ የልጆች ጨዋታ ነውን?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ስፔናዊው ሚጌል ልያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ክረምብስ» የተባለው ፊልም የፈረሰ ዓለም ታሪክ ሲሆን የተሠራው በአገራችን ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይጫወቱበታል፤ ቋንቋውም አማርኛ ነው። በዚያ ዓለም እንደ ቅርስና እንደ ክታብ የሚከበረው ምንድር ነው? ከውጭ የመጣ የፕላስቲክ መጫወቻና የአሜሪካዊው ኳስ ተጫዋች የማይክል ጆርዳን ምስል! ፊልሙ ይህን ያደረገው ለቀልድ ነውና በፊልሙ ላይ ቅሬታ የለንም። ቅሬታችን ቀልዱን አይተን ስቀን ብቻ በምንቀረው ላይ ነው። ቀልዱ የተቀለደው በእኛ ላይ መሆኑን ማን አስተዋለ?

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ብላክ ፓንተር» ዋካንዳ ለተባለችው የሌለች የአፍሪካ አገር ጽሕፈት በፈለገ ጊዜ፣ በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ከነበረው ንሲቢዲ ከተባለው ጥንታዊ ምልክት ቀሰመ። ባዕድ ሰው ለሌለች አገር የአፍሪካን ምልክት ፈልጎ ሲያገኝ፣ እኛ ግን ሕያው ፊደል ይዘን፣ ወጣቶቻችን የነገዪቱን ኢትዮጵያ በሥዕል ባሳዩ ጊዜ በሕንፃውም በመንኰራኵሩም ላይ የላቲን ፊደል ያሰፍራሉ። ከዚህ የባሰ ድህነት ከየት ይመጣል?

«የግዕዝ ፊደል ለአርማ አይመችም» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልሱ ቀላል ነው። በአየር መንገዳችን አውሮፕላኖች ገላ ላይ የአገራችን ስም በፊደላችን ተጽፎ በዓለም ሁሉ ይበራል። ኮካ ኮላ እንኳ የባዕድ ኩባንያ ሲሆን፣ ያን የታወቀ ጠመዝማዛ አጻጻፉን ወደ ፊደላችን መልሶ በጠርሙሱ ላይ አትሟል። ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደላችንን እያጠፈና እየዘረጋ ሥዕል አድርጎ በውጭ አገር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮም ፊደሉ በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ የጎደለው ምቾት ሳይሆን ፈቃድ ነው።

«ይህ ሁሉ ለቆላ አገር ምን ይረባል?» የሚለን አይጠፋም። ይህን የምንጽፈው ከሸሕዲ ነው። ከዚህ እስከ መተማ ዮሐንስ ያለው ምድር ሰሊጥ፣ ጥጥና ዕጣን ያፈራል። ሰሊጣችን በዓለም ገበያ «የጎንደር» ተብሎ ይጠራል፤ ስም እንኳ አለው። ነገር ግን በውጭ አገር ተፈጭቶ ጣሂና በሆነ ጊዜ፣ በዕቃው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚታተመው የፈጪው አርማ እንጂ የዘሪው አይደለም። ይህ ዕጣ ሊለወጥ እንደሚችል ቡናችን አሳይቷል፤ መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት ጠየቀ፤ ከስታርባክስ ጋር ከተከራከረ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ተፈራረመ። ስም ገንዘብ መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ።

በልብ ወለድ ያለው አርማና በጆንያ ላይ የሚታተመው አርማ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ ምንጩም አሳብ ነው። ከመተማ ተነሥቶ ወደ ጨረቃ የሚሄድ መንኰራኵር ስሎ በጎኑ ላይ የሰሊጥ አበባና የፊደል አርማ ያሳረፈ ተማሪ፣ አድጎ ነጋዴ በሆነ ጊዜ ስም የለሽ ጆንያ ወደ ውጭ አይልክም። በአሳቡ የባዕድን አርማ የለበሰ ግን በሥራውም ያንኑ ይለብሳል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ለተማሪዎቻችሁ የሌለ ኩባንያ አርማ በገዛ ፊደላቸው እንዲነድፉ ስጧቸው። ደራስያን ሆይ፣ የነገውን ከተማ ስትጽፉ በሰሌዳው ላይ ያለውን ጽሕፈት አትርሱ። በመንግሥት ሥራ ያለን እኛም የወጣቱን ንድፍ ጨዋታ ነው ብለን አንናቅ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ወደቁ፤ ከተማዪቱ ግን እስከ ዛሬ በስማቸው ትጠራለች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለምን? ለነገው ዓለም ስም ሳናወጣለት ብንቀር፣ ሌላው አውጥቶለት ይጠብቀናል።