መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ፦ የበይነ መረብ ቁማር የክፍያ ሥርዓት

ስለ በይነ መረብ ቁማር በሚደረጉ ክርክሮች ትኩረት የሚያገኙት ጨዋታውና ማስታወቂያው ናቸው። ገንዘቡ የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ ግን እንደ ተራ የባንክ አገልግሎት ታይቶ ይታለፋል። በዚህ ጸሐፊ እምነት የተጫዋቹን ኪሳራ ከሚያባብሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው መንገድ ነው።

ገንዘብ ማስገባት የሰከንዶች ጉዳይ ሲሆን፣ ያሸነፉትን ማውጣት ቀናት ሊወስድ ይችላል። በዚህ መካከል ተጫዋቹ የማውጣት ጥያቄውን ሰርዞ ገንዘቡን መልሶ እንዲጫወትበት ከተፈቀደለት፣ መዘግየቱ ራሱ ለአቋማሪው ድርጅት የገቢ ምንጭ ይሆናል።

የብሪታንያ የቁማር ኮሚሽን ችግሩን የፈታው ደረጃ በደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ድርጅቶች የደንበኛውን ማንነት ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት እንዲያጣሩ አስገደደ። በኤፕሪል 2020 በክሬዲት ካርድ መቆመርን ከለከለ፤ በወቅቱ በጠቀሰው ጥናት መሠረት በክሬዲት ካርድ በበይነ መረብ ከሚቆምሩት 22 በመቶው ችግር ላይ የወደቁ ቁማርተኞች ነበሩ። በኦክቶበር 2021 ደግሞ የማውጣት ጥያቄን የማሰረዝ አማራጭ በቋሚነት ታገደ።

ድርጅቶች መዘግየቱ ሕገ ወጥ ገንዘብን ለመቆጣጠር አስፈላጊ መሆኑን ይገልጻሉ። ክርክሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ ገንዘብ ሲቀበሉ ያልተጠየቀ መታወቂያ ሲከፍሉ ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ቁጥጥሩ ለሕግ ሳይሆን ለድርጅቱ ጥቅም የቆመ ነው።

ጉዳዩ ከአገራችን የራቀ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የእጅ ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል፤ የስፖርት ውርርድ ሒሳብም በስልክ ይሞላል። የውርርድ ፈቃድ ሲሰጥ የቆየው የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ሲሆን፣ የክፍያ ሥርዓቱን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። በሁለቱ ሥልጣን መካከል ያለው ይህ መንገድ ባለቤት እንዳያጣ ያሰጋል።

ስለዚህ ሁለት ድንጋጌዎች ሊታሰቡ ይገባል፤ ገንዘብ ከገባበት ፍጥነት ባነሰ ፍጥነት እንዳይወጣ፣ አንዴ የቀረበ የማውጣት ጥያቄም ወደ ጨዋታ እንዳይመለስ። የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎችም ክፍያ የሚዘገይበትን ጊዜ፣ ዝቅተኛውን የማውጫ መጠንና የተሰረዙ ጥያቄዎችን ብዛት በመመዝገብ ለሕግ አውጪው መነሻ ሊያቀርቡ ይችላሉ።