ሽንት የሚያመልጣት ውሻ ጥፋተኛ ናትን?

ስለ ፎገራ ሜዳ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰን የፎገራ ከብት ነው፤ በወረታ ዙሪያ ደጅ ስለምትጠብቀው ውሻ ጤና የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከተወለደች ጀምሮ ሽንቷ የሚንጠባጠብ ቡችላ «ጠባየ ብልሹ» ተብላ ብትባረር ማንም አይደነቅም። እኛ ግን ምርመራ ከፍርድ ይቅደም እንላለን።

ዩሬተር የሚባለው ቀጭን ቱቦ ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ ያወርዳል። በጽንስ ዕድገት ወቅት ቦታውን ከሳተ ፊኛን አልፎ ወደ ሽንት መውጫው ወይም ወደ ብልት ይከፈታል፤ ሽንቱም ሳይጠራቀም ይፈስሳል። ችግሩ በሴት ውሾች ይበዛል፤ በድመቶች ብርቅ ነው።

ቱቦውን በተራ ራጅ መለየት ያስቸግራል፤ እርሱም በዙሪያው ያለው ሥጋም ጨረሩን የሚውጡት በተቀራራቢ መጠን ነውና። በደም ሥር የተሰጠ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ በኩላሊት በኩል ሲወጣ ግን፣ የአዮዲን አቶሚክ ቁጥር 53 ስለሆነ ጨረሩን አጥብቆ ይውጣል፤ የቱቦውም መንገድ ይገለጣል። ሲቲ ስካን ደግሞ የበለጠ አጥርቶ ያሳያል። ለዚህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤልን ሽልማት ከተጋሩት አንዱ፣ አላን ኮርማክ፣ የፊዚክስ ሊቅ ነበር፤ በዚያው ዓመት በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ተመሠረተ።

መንገዱ ከታወቀ ቀዶ ሐኪሙ ለቱቦው በፊኛ ውስጥ አዲስ አፍ ይከፍትለታል። ይሁንና መዝጊያው ጡንቻ ደካማ ከሆነ ማንጠባጠቡ ሊቀጥል ይችላል።

«ይህ ለእኛ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። የመጀመሪያው መሣሪያ ግን ዋጋ የማይጠየቅበት ጥያቄ ነው፦ «ከመቼ ጀምሮ?» ከተወለደች ጀምሮ ከሆነ፣ ዱላ የማያርመው የአካል ጉድለት ሊሆን ይችላል። ከጥያቄው ቀጥሎ የሚመጣው የምስል ምርመራ እንዲስፋፋም የፊዚክስና የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍሎች አብረው ሊሠሩ ይገባል።