ለጆሮ ጠቢ የተሠራ በር

ይድረስ በአገር ቤት ላላችሁ ወገኖቼ፤

ከሜሪላንድ ብዕሬን ያነሳሁት ስለ ስልካችን ላዋያችሁ ብዬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ፣ የአሜሪካ መንግሥት ከቻይና ጋር ያያያዛቸው «ሶልት ታይፉን» የተባሉ መረጃ መንታፊዎች በኤቲ ኤንድ ቲ፣ በቬራይዘንና በሌሎችም ኩባንያዎች ኔትወርክ ውስጥ ገብተው መክረማቸው ታወቀ። ማን ለማን መቼ እንደደወለ የሚያሳየውን መዝገብ ወሰዱ። ፖሊስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የጠየቀውን መረጃ ሳይቀር ገለበጡ። ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ሕዝቡን በተመሰጠረ መተግበሪያ ተጠቀሙ እስከማለት ደረሱ።

የግሪኩ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 የአገሪቱን ጠቅላይ ሚኒስትር ጨምሮ የ100 ያህል ሰዎች ስልክ በቮዳፎን ግሪክ ኔትወርክ ላይ ተጠልፎ ነበር። ንግግራቸው በድብቅ ወደ 14 የቅድመ ክፍያ ስልኮች ይተላለፍ ነበር። መንግሥት በሕግ እንዲያዳምጥበት የተሠራው ሶፍትዌር በኩባንያው የስልክ ማዞሪያ ላይ ተጭኖ ነበር፤ ማን ምን እንዳዳመጠ የሚመዘግበው ክፍል ግን አልተገዛም። ነገሩ የተደረሰበት አንዳንድ የጽሑፍ መልእክቶች አልደርስ ብለው ሲመረመር ነው።

መንግሥት እንዲሰማበት የተከፈተ በር የሚገባበትን ሰው አይመርጥም። ጠባቂና መዝገብ ከሌለው የሌባም መግቢያ ይሆናል።

ስለ ጠለፋ ለእናንተ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዛሬም ስደውል፣ ወሬው ጠንከር ሲል ታላቅ እህቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ተወው፣ ይሄ በስልክ አይወራም» ትለኛለች። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2006 ዓ.ም. ስለ አገራችን ባወጣው ሪፖርት የጸጥታ ሰዎች የደንበኞችን የጥሪ መዝገብ እንደልብ ያገኙ እንደነበር፣ የተቀዳ ንግግርም በምርመራ ወቅት ይቀርብ እንደነበር ገልጿል። ያኔ የምንሰጋው ለወሬያችን ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ግን ገንዘባችንም በዚያው መስመር ያልፋል፤ የባንክ ማረጋገጫ ኮድም በዚያው ይመጣል።

ስለዚህ ነገሩን ለደህንነት መሥሪያ ቤት ብቻ አትተዉት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አፈጻጸሙን እንዲቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለእንደራሴዎቻችሁ፣ ለባለሥልጣኑና ለስልክ ኩባንያዎቹ እነዚህን ጥያቄዎች አቅርቡ፦ ስልክ የሚጠለፈው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ነው ወይ? ወደ ማዳመጫው የገባ ሰው ሁሉ ይመዘገባል ወይ? መዝገቡንስ ከአዳማጩ ሌላ የሚመረምር አካል አለ?

በማዞሪያ ክፍል የምትሠሩ ልጆቻችን ሆይ፣ በቃል የመጣላችሁን ትእዛዝ በጽሑፍ ይሁንልን በሉ። ወረቀቱ ለእናንተም መከታ ነው።

ኔትወርኩ የተደፈረ ዕለትም ደንበኛው ሳይውል ሳያድር ይነገረው። የተነገረው ሰው የሚስጥር ቁጥሩን ይቀይራል፣ ሒሳቡን ያሳግዳል፤ ያልተነገረው ግን የሚያውቀው ተዘርፎ ካለቀ በኋላ ነው። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነውና ጠይቁ።

ወንድማችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ